ቆጣሪው ስንት ይላል

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ደረጃውን ያለ ዱላ መውጣት ጀመሩ ወይስ አሁንም «የሚወጣው ዱላው ነው፣ እኔ ተከትዬው ነው» እያሉ ይቀልዳሉ? የዓይን ሐኪሙ የሰጠዎትን ጠብታ ሰዓቱን ጠብቀው ያደርጋሉ? እማዬስ? ወገቧ ተሻላት? አጎንብሳ ማጠቡን ተይ ብትባል እንደማትሰማ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከሩቅም ቢሆን መቆጣቴን ንገሩልኝ። እታለም፣ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና አንቺንም እግረ መንገዴን እንዴት ነሽ እላለሁ። ጽሑፌ ዛሬም ዶሮ የጫረው ነው፤ ታገሺኝ።

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ገብቷል፤ ጠዋት ጠዋት ሥራ የምንጀምረው ከመኪኖቹ መስታወት ላይ ውርጭ እየፋቅን ነው። እማዬ የላከችልኝን ሹራብ እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፌ እለብሰዋለሁ። ከሄድኩ ወዲህ ያደግሁ መስሏት ይሆናል።

በስልክ ስንገናኝ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ»፣ «በልተሻል?» «በልቻለሁ» ተባብለን እንዘጋለን። የዛሬው ነገር ግን በስልክ የሚሆን አይደለም። መሃል ላይ ድምፅዎን ከሰማሁ ልቤ ይከዳኛል፤ ዝም ካሉም መስመሩ የተቋረጠ እየመሰለኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» ማለቴ አይቀርም። ስለዚህ እሑድም አይደል፣ ተቀምጬ ልጽፍልዎ ቆረጥኩ።

እንደሚያውቁት የምሠራው ያገለገሉ መኪናዎች በሚሸጡበት ግቢ ነው። መሬቱ ጠጠር፣ አጥሩ ቆርቆሮ፣ ጥጉ ላይ መኪና ከሥር የሚታይበት ጉድጓድ አለ። አንድ መኪና ሲገባ ከኮፈኑ እስከ ጎማው መርምሬ ያየሁትን በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ጽፌ እፈርማለሁ። ወረቀቱ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል፤ ገዢ የሚያምነው እሱን ነው። የመጨረሻው መስመር ስለ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ነው፤ ቁጥሩ ትክክል ነው ወይስ ተነክቷል? እዚያ መስመር ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እርስዎ አጠገቤ የቆሙ ይመስለኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜን ያስታውሳሉ? ከሰፈሩ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሁሉ መኪናዋን እየነዳ እኛ በር ላይ ያቆም ነበር። እርስዎ ኮትዎን አጥሩ ላይ ሰቅለው፣ አንድ ጫማዎን አውልቀው ይገቡና በካልሲ እግርዎ ፔዳሎቹን አንድ በአንድ ይዳስሳሉ። ዓይንዎን ጨፍነው «ቆጣሪው ስንት ይላል?» ይሉኛል። «ሰባ ሺህ» እላለሁ። «እግሬ ግን ሁለት መቶ ሺህ ይላል» ይላሉ፤ የሻጩ ፊት ይለዋወጣል። ከመሪው ሥር የሚገባ ጭንቅላት ያለኝ የቤቱ ትንሿ እኔ ብቻ ስለነበርኩ የእጅ ባትሪ ይዤ እሾልካለሁ። «ምን አየሽ ሚጢጢ?» ይሉኛል። «ብሎኑ ተጭሯል አባባ፣ ተፈትቶ ያውቃል» እላለሁ። ያኔ ጀርባዬን ቸብ ሲያደርጉኝ ዓለም በሙሉ የእኔ ነበረች። «ውሸታም የሚያጸዳው የሚታየውን ነው፤ አንቺ የማይታየውን እዪ» ይሉኝ ነበር። በዚህ ቃል ነው እንጀራ የምበላው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ከሁለት ወር በፊት አንዲት አመድማ ትንሽ መኪና ወደ ግቢያችን ገባች። ያመጣት ግቢው በሙሉ «ማር ምላስ» የሚለው ደላላ ነው። አፉ ማር ነው፤ ግን ከእሱ ጋር ተገበያይቶ ያልተነደፈ የለም። መኪናዋን የፈለገቻት ደግሞ አንዲት አዋላጅ ነበረች። ሁለት ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ ምጥ የያዛት ሴት ስትጠራት አውቶቡስ ስትጠብቅ ሕፃኑ ቀድሟት እየተወለደ ተቸግራለች። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ወር አልሞላትም። ሦስት ቀን ተመላልሳ መኪናዋን ዞራ ዞራ አየቻት፤ በሦስተኛው ቀን «እህቴ፣ እኔ ሰው እንጂ መኪና አላውቅም፤ አንቺን አምኜ ነው» አለችኝ።

ቆጣሪው አርባ አንድ ሺህ ይላል። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። የፍሪሲዮኑ ፔዳል ላስቲክ አልቆ ብረቱ ተረከዜን ነካኝ። የማርሹ እጀታ ላይ ያሉት ቁጥሮች ጠፍተዋል። መሪው እንደ ተላጨ ራስ ያበራል። የሾፌሩ ወንበር ጠርዙ ሟሽሿል፤ በሩ ከማጠፊያው ወርዶ ከፍ ካላደረጉት አይዘጋም። በአርባ አንድ ሺህ ይህ ሁሉ አይሆንም ብዬ ወጣሁ። ወረቀቱ ላይ ጽፌ ዝም ብል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ግቢው መሃል ቆሜ፣ ሁሉም እየሰማ «ይቺ መኪና ሁለት መቶ ሺህ አልፋለች፤ ቆጣሪዋ ወደ ኋላ ተመልሷል» አልኩ።

ማር ምላስ ፊቱ ደም መሰለ። «ልጆቼን ይንሳኝ፣ አልነካሁትም!» አለ። ቀለም ቀቢያችን «በዚህ ወር ስንተኛ ልጅህ ላይ ደረስክ?» ሲለው ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ አባባ። ባለግቢው ደላላውን ከእንግዲህ እግርህ እዚህ እንዳይረግጥ አለው። አዋላጇ አቅፋ ሳመችኝ። ያን ዕለት ወደ ቤት ስሄድ በየሱቁ መስታወት ራሴን እያየሁ ነበር፤ የአባቴ ልጅ ነኝ እያልኩ።

በአራተኛው ቀን የመኪናዋ ባለቤት ሊወስዳት ስለሆነ ወደ በሩ አስጠጊያት ተባልኩ። ገብቼ ስቀመጥ እስክሪብቶዬ አምልጦኝ ወደ ጎን ወንበሩ ሥር ተንከባለለ። ለመፈለግ ምንጣፉን ስገልጥ ከተሳፋሪው እግር ማሳረፊያ ላይ አራት ቀዳዳዎች አየሁ። በስቱኮ ተደፍነው ቀለም ተቀብተዋል። በእጄ ዳሰስኳቸውና ቀና ብዬ የፊት መስታወቱን አየሁ። ከስፖኪዮው አጠገብ ሌላ ስፖኪዮ ተለጥፎ የነበረበት የሙጫ ምልክት አለ። ቀዳዳዎቹ አሠልጣኝ የሚረግጠው ሁለተኛ ፍሬን የታሰረባቸው ናቸው። ይቺ መኪና ነጂዎች የሚሠለጥኑባት ነበረች!

አስቡት እስቲ። ፍሪሲዮን በቀን ስንት መቶ ጊዜ የሚረገጥባት፣ በየሰዓቱ አዲስ ሰው ላብ በላብ ሆኖ መሪዋን የሚጨብጥባት፣ ግን ከጠዋት እስከ ማታ እንደ አውድማ በሬ አንድ ሜዳ ላይ የምትዞር። ብዙ ሰው ተሸክማ ብዙ መንገድ ያልሄደች። ወርጄ እንደገና መረመርኳት። ጎማዎቹ ላይ የተጻፈው የተሠሩበት ዓመት ከመኪናዋ ዓመት ጋር አንድ ነው፤ ገና ግማሽ ጥርስ አላቸው። ኮፈኑ ላይ የረጅም መንገድ ጠጠር የፈነቀለው ቀለም የለም። የሬድዮው አዝራሮች እንደ አዲስ ያበራሉ፤ በመንጃ ትምህርት ሰዓት ማን ሙዚቃ ይከፍታል? አርባ አንድ ሺሁ እውነት ነበር። ጎማውንም ሬድዮውንም የዚያን ዕለት አይቼው ነበር እኮ። ግን ፔዳሉ ላይ የፈለግሁትን አግኝቼ ስለነበር ዓይኔ ጠግቦ ነበር።

ማንም አላወቀም። ለቀለም ቀቢው ብነግረው «ተይው፣ ደላላ ነው። ለዚህኛው ባይሆን ላለፈው ይሁንለት» አለኝ። ምክሩ ጣፋጭ ነበር፤ ሁለት ቀን ይዤው ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ግን ባለግቢው ዘንድ ገባሁ። ሰምቶኝ ሲያበቃ መነጽሩን አውልቆ «አንዴ የፈረምሽበትን ከሻርሽ ከእንግዲህ ፊርማሽን ማን ያምነዋል?» አለኝ። የሥራ ፈቃዴ በእሱ ስም እንደሆነ ያውቃሉ። «ካልሻርኩት እኔ ራሴ አላምነውም» አልኩት፤ ድምፄ ግን የእኔ አልመስል አለኝ። በማግስቱ እስክሪብቶዬን አስረክቤ ከምርመራ ወደ ማጠቢያው ተመደብኩ።

ደላላው ከግቢያችን ከተባረረ ወዲህ ከመንገዱ ማዶ ካለ ጎማ ቤት በር ላይ አሮጌ ጎማ ላይ ይቀመጥ ነበር። ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፤ በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ መንገድ ሄጄ አላውቅም። «ተሳስቼ ስምዎን አጥፍቻለሁ፤ ቁጥሩ ትክክል ነበር» አልኩት። ቀና ብሎም አላየኝ። «ልጄ፣ እኔ ብዙ ዋሽቻለሁ» አለኝ። «ሌባ ስባል ለምጄዋለሁ፤ አያመኝም። ያን ቀን ግን እውነቴን ነበር። እውነት ተናግሮ መሳቂያ መሆን እንዲህ እንደሚያም አላውቅም ነበር።» ታዲያ የማሠልጠኛ መኪና መሆኗን ለምን አልነገሩንም ብዬ ስጠይቀው «ብናገር ማን ይገዛኛል?» አለ፤ እዚያ ላይ እሱም አንገቱን ደፋ።

ወረቀቱን እንደገና ጻፍኩት። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ መኪናዋ ግን ማሠልጠኛ ነበረች፣ ፍሪሲዮኗም አልቋል አልኩ። ለአዋላጇም ደውዬ ያንኑ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ሳቋ ጆሮዬን ሞላው። «ያን ሁሉ ጀማሪ ችላ ያስተማረች መኪና እኔም አላቅታትም» አለች። ማር ምላስም ፍሪሲዮኑን ከራሱ ኪስ አስቀይሮ ሸጠላት። ባለፈው ሳምንት በግቢው በር ስታልፍ ጥሩምባ ነፋችልኝ፤ ወዲያው ሞተሩ ጠፋባት። ባለግቢው ደግሞ ያለፈው ሰኞ እስክሪብቶዬን አምጥቶ የምርመራ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ማጠቢያው ላይ ስድስት ሳምንት ሠርቼ እጄ ተሰነጣጥቋል፤ ለእማዬ አትንገሯት።

እታለም፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው። ደክሟቸው ከሆነም ለነገ ይሁን።

አባባ፣ «ልጆቼን ይንሳኝ፣ አልነካሁትም» የሚለውን ቃል ከዚያ በፊት አንድ ቀን ሰምቼው ነበር። ከሥራ ባልደረባዎ፣ እኛ ልጆች «ጋሼ ኮፍያ» ከምንላቸው። ሳልወለድ ጀምሮ የአንድ ተሽከርካሪ መምሪያ ሾፌሮች ነበራችሁ። ትከሻቸው ላይ ተቀምጬ ያላየሁት መንገድ የለም። ልጃቸው የወንበር ጓደኛዬ ነበረች፤ አንድ እርሳስ ለሁለት ሰብረን እንጽፍ ነበር። ሰማያዊቷን መኪና ለእርስዎ የሸጡልዎት እሳቸው ናቸው።

ሰማያዊቷን ሳስብ እስከ ዛሬ ሆዴ ይባባል። እሑድ እሑድ እማዬን ከፊት አስቀምጠው፣ እኔንና እታለምን ከኋላ ጭነው ያለ ጉዳይ ያንሸራሽሩን ነበር። መንገድ ላይ ለሚያውቁት ሁሉ ጥሩምባ እየነፉ፣ ለማያውቁትም። በሩ ከፍ ካልተደረገ አይዘጋም ነበር፤ «ለእመቤቴ በር የምከፍትና የምዘጋው እኔ ነኝ» እያሉ እማዬን ያስቋት ነበር። በስድስተኛው ወር ሞተሯ ሞተ። መካኒኩ ሲከፍተው ውስጡ ጥቀርሻ መስሎ አገኘውና «ይህ ሦስት መቶ ሺህ የሄደ ሞተር ነው፤ ተጫውተውብዎታል» አለ።

ኮትዎን ለብሰው ሲወጡ ተከትዬዎት ነበር። አላዩኝም። ጋሼ ኮፍያ ደጃፋቸው ላይ ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። እርስዎ «ሌባ ነህ» አሏቸው። እሳቸው ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ፤ ራሰ በራ መሆናቸውን ያን ዕለት ነው ያወቅሁት። ልጆቻቸውን አይተው በእነሱ ማሉ። ያቺ ጓደኛዬ በማግስቱ ክፍል ስትገባ ደብተሯን ይዛ የኋላ ወንበር ሄደች። እርስዎና ጋሼ ኮፍያ መንገድ ላይ ስትገናኙ አንዳችሁ ማዶ ለማዶ መሻገር የጀመራችሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት፤ እሳቸው ሰፈር ለቀው ከሄዱም በኋላ ሳትታረቁ። እርስዎም መኪና በእግርዎ ማንበብ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሌላ ሰው እንዳይታለል።

አሁን የማስበውን ልንገርዎት። ሰማያዊቷ ፀሐይ ላይ ስትቆም ዳቦ ዳቦ ትሸት ነበር። የኋላ ወንበር ላይ ሆነን ሆዳችን ሲጮህ እማዬ «አሁን በልታችሁ!» ትለን አልነበር? አንድ ቀን ደግሞ የወደቀብኝን እርሳስ ፍለጋ የወንበሩ ሐዲድ ውስጥ በባትሪ ስመለከት «ምን አየሽ ሚጢጢ?» ብለውኝ «ዳቦ!» ብዬ ሁላችንም በሳቅ ሞተናል። የደረቀ ፍርፋሪና ዱቄት ነበር። የኋላ ወንበሯ ደግሞ ጭራሽ ሰው ያልተቀመጠበት ይመስል ነበር፤ ወልቆ ቤት ተቀምጦ የነበረ ይመስለኛል። አባባ፣ ያቺ መኪና ዳቦ ታድል ነበር። ከዳቦ ቤት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ሱቅ። ሾፌሩ በየመቶ ሜትሩ ይወርዳል፣ በር ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ወንበሩም በሩም ያልቃል፣ ኪሎ ሜትሩ ግን አይሞላም። ጉድጓዳችን ውስጥ የሚሠራውን መካኒክ ስጠይቀው፣ በአጭር በአጭር መንገድ ሳይሞቅ የሚጠፋ ሞተር ዘይቱ እየረጋ ውስጡ ጥቀርሻ ይሆናል፣ በትንሽ ኪሎ ሜትርም ይሞታል አለኝ።

ማረጋገጫ የለኝም። ሰማያዊቷ በብረትነት ከተሸጠች ስንት ዘመኗ! ላይሆንም ይችላል። እርስዎን ልወቅስም አልጻፍኩም፤ በእርስዎ ቦታ ብሆን ምን አደርግ ነበር ብዬ ሳስብ፣ ያንኑ አደረግሁት እኮ፤ ከእርስዎ በባሰ፣ እየሳቅሁ። ግን ባለፈው ወር እማዬ ስልክ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የነገረችኝ ነገር አለ። ጋሼ ኮፍያ ልጃቸው ዘንድ ለመኖር ወደ ሰፈር ተመልሰዋል አሉ። መድኃኒት ቤት ሰልፍ ላይ አግኝተዋት «ዓይኑ እንዴት ሆነለት?» ብለው ስለ እርስዎ ጠይቀዋታል፤ «እንደጠየቅሁ ግን እንዳትነግሪው» ብለው። እማዬ ሆይ፣ ምስጢርሽን ስላወጣሁ ይቅር በይኝ፤ ከዚህ ሆኜ ሌላ የማደርገው አጣሁ።

ይቅርታ ይጠይቋቸው አልልም፤ ልጅ ለአባቱ እንዲህ አይልም። አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁልኝ፤ ያቺ መኪና እርስዎ ከመግዛትዎ በፊት ሥራዋ ምን ነበር? ምናልባት እሳቸውም ከሰው የገዙ ናቸውና አላውቅም ይሉ ይሆናል። ዳቦ ነበር ካሉ ግን የሚቀጥለውን እርስዎ ያውቁበታል።

በሉ እንግዲህ፣ ወረቀቱም አለቀ። ለእማዬ ግንባሯንም እጇንም ስሜያለሁ፤ ሹራቡ ይሞቀኛል በሏት። ለእታለም ባል ሰላምታዬ ይድረስ፤ ጢሙን ተላጭቷል ስለተባለ ፎቶ ይላክልኝ፣ ሳላይ አላምንም። ለትልቁ ልጅ ሒሳቡን እንዲያጠና፣ ለትንሿ የወለቀው ጥርሷ እስኪበቅል እንዳትስቅ ሳይሆን አብዝታ እንድትስቅ ንገሩልኝ። ለጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ፣ ለደጅ ጠባቂው ሽማግሌና ለሚጠይቀኝ ሁሉ ደህና ነኝ በሉልኝ።

አንድ ሰላምታ ቀርቶኛል። ለጋሼ ኮፍያና ለልጃቸው ነው። በእማዬም በእታለምም እጅ አልላከውም፤ እርስዎ ራስዎ በእግርዎ ሄደው ካላደረሱልኝ ሳይደርስ ይቅር።

ናፋቂ ልጅዎ፣
ሚጢጢ

ከተከራየሁባት ክፍል፣ መስኮቱ ሥር፤ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ኅዳር 9 ቀን